ነፍሰ ጡር እናትና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፦ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተዘጋጀ ትምህርት

የትምህርቱ ዓላማ

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አካባቢ ከካህናትና ከሰበካ ጉባኤ አባላት ጋር በምናደርጋቸው ውይይቶች ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት ስትፀንስ መድኃኒቱን መውሰዷ በማኅፀኗ ያለውን ሕፃን አይጎዳውምን?» የሚለው ነው። ጥያቄው የተገባ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መድኃኒት እንዳትወስድ ሁላችንም እንመክራለን፤ ታዲያ ይህኛው መድኃኒት በየቀኑ፣ ያውም እስከ ወሊድና ከወሊድም በኋላ እንድትወስደው የሚታዘዘው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው ሳይመለስ በቀረ ቁጥር ግን ቦታውን ግምት ይይዘዋል። «እስክገላገል ድረስ ላቁመው» ብላ የምትወስን እናት ለልጇ በማሰብ ልጇን ለአደጋ አሳልፋ ትሰጣለች። ይህን ውሳኔ ከማድረጓ በፊት ብዙ ጊዜ የምታማክረው የንስሐ አባቷን ነው። ስለዚህ የንስሐ አባት የሚሰጠው መልስ በእውቀት ላይ የቆመ መሆን ይገባዋል።

በዚህ ትምህርት ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ስለ መድኃኒቱ ደኅንነት እስከ ዛሬ ምን እንደ ታወቀ፣ ጸበልን፣ ጾምን፣ ቁርባንንና ክርስትናን በተመለከተ ካህናት ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ እንመለከታለን።

1. ቫይረሱ ወደ ልጅ የሚያልፍባቸው ሦስት ጊዜያት

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእርግዝና፣ በምጥና በወሊድ፣ እንዲሁም በጡት ማጥባት ጊዜ ነው። እናቲቱ ምንም ሕክምና ካላገኘች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። እናቲቱም ሕፃኑም ተገቢውን ሕክምና ካገኙ፣ ጡት እየጠባ ለሚያድግ ሕፃን እንኳ ይህ ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው። መጠኑ ከፍ ሲል መተላለፉ ይበዛል፤ ዝቅ ሲል ይቀንሳል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋውም፤ እንዳይራባ ግን ይገታዋል። በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስም ዝቅ ያደርገዋል። በፈረንሳይ አገር ለብዙ ዓመታት በተደረገ ክትትል፣ ከመፅነሳቸው በፊት መድኃኒት ጀምረው ሳያቋርጡ የቀጠሉና በወሊድ ጊዜ የቫይረሱ መጠን እጅግ ዝቅ ያለላቸው 2,651 እናቶች ከወለዷቸው ልጆች መካከል በቫይረሱ የተያዘ አንድም አልተገኘም። እነዚያ እናቶች ጡት አያጠቡም ነበር። ጡት በሚያጠቡ የአፍሪካና የሕንድ እናቶች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ እናት መድኃኒቷን ስትወስድ ወይም ሕፃኑ መከላከያ ሲሰጠው፣ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በጡት ምክንያት የተያዙት ከ100 ሕፃናት አንድ እንኳ አልሞሉም።

እንግዲህ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው መድኃኒት ለእናቲቱ ብቻ የታዘዘ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። በእርሷ አፍ የሚገባው እንክብል የልጇም ጋሻ ነው።

2. የሕክምናው ጉዞ በአገራችን

በኢትዮጵያ የኤድስ ሕመምተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ለእናቶች የሚሰጥ ተስፋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናቱ ሲሰጥ መተላለፉን በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋገጠ፤ ከ100 ሕፃናት 25 ያህል ይያዙ የነበሩት ወደ 8 ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በዩጋንዳ የተደረገ ጥናት፣ ኔቪራፒን የተባለው መድኃኒት በምጥ ጊዜ ለእናት አንድ ጊዜ፣ ለሕፃኑም አንድ ጊዜ ቢሰጥ ብዙ ሕፃናትን እንደሚያድን አሳየ።

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሁሉ፣ ሕመም ቢሰማትም ባይሰማትም፣ ወዲያውኑ ጀምራ ዕድሜዋን በሙሉ እንድትወስድ የሚያዝዘው አሠራር ተጀመረ። ዛሬ አብዛኞቹ የሚወስዱት ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉተግራቪር የተባሉ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የተቀናበሩበትን፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ እንክብል ነው።

3. ስለ መድኃኒቱ ደኅንነት የታወቀው

የእናቶችን ስጋት «ምንም የለበትም» በሚል ቃል ብቻ ልናልፈው አይገባም። ጉዳት የሌለበት መድኃኒት የለምና። ከቀደሙት መድኃኒቶች መካከል ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ሆነው የተገኙ ነበሩ። ስታቩዲንና ዲዳኖሲን በአንድነት ሲወሰዱ በነፍሰ ጡሮች ላይ ለሞት የሚያደርስ የጉበትና የደም ችግር ማስከተላቸው ስለ ታወቀ እ.ኤ.አ. በ2001 ማስጠንቀቂያ ወጣባቸው። ይህ የሚያስረዳን መድኃኒቶቹ ያለ ክትትል እንዳልተተዉ፣ ጉዳት ሲታይም ለእናቶች እንዳይሰጡ እንደሚደረግ ነው።

ነፍሰ ጡሮች የሚወስዷቸውን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የሚከታተል ዓለም አቀፍ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ። መድኃኒቱን ከወሰዱ እናቶች ከተወለዱ 100 ሕፃናት መካከል 3 ያህሉ አንድ ዓይነት የአካል ጉድለት እንደሚታይባቸው መዝገቡ ያሳያል። ይህም መድኃኒቱን ፈጽሞ ካልወሰዱ እናቶች በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ከሚታየው ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የምትወስድ እናት የወለደችው ልጅ ጉድለት ቢታይበት፣ ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ስለ ዶሉተግራቪር ግን ለብቻው ልንናገር ይገባል፤ ብዙ ወሬ የተነዛው በእርሱ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2018 ከቦትስዋና አንድ አስደንጋጭ ዜና ተሰማ። ሲፀንሱ ዶሉተግራቪር ይወስዱ ከነበሩ እናቶች በተወለዱ 426 ሕፃናት መካከል 4ቱ የአንጎልና የአከርካሪ አጥንት አፈጣጠር ችግር ታየባቸው። በሌሎች ዘንድ ይታይ የነበረው ከ1,000 አንድ ያህል ነበርና ቁጥሩ ከፍተኛ ነበር። ብዙ አገሮችም መድኃኒቱን ለመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ከመስጠት ለጊዜው ተቆጠቡ። ጥናቱ ግን በዚያ አላበቃም፤ የሕፃናቱ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ የችግሩ መጠን እየወረደ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ከ1,683 ሕፃናት 5 ብቻ ሆኑ። ከ9 ሺሕ በላይ ሕፃናት ከተቆጠሩ በኋላ ደግሞ ከ1,000 ወደ አንድ ወረደ፤ ሌላ መድኃኒት ከሚወስዱ እናቶች ልጆችም ልዩነት እንደሌለው ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ለነፍሰ ጡሮችም ጭምር ተመራጭ ነው ሲል ወሰነ።

እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት በ9 አገሮች የሚገኙ 643 ነፍሰ ጡሮች ተሳትፈው ነበር። ዶሉተግራቪር ከወሰዱት ከ100 እናቶች 98ቱ በወሊድ ጊዜ የቫይረሱ መጠን ዝቅ ብሎላቸው ተገኝቷል። በቀድሞው በኤፋቪሬንዝ የታከሙት ግን 91 ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው ዜና ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የጥቂቶች ቆጠራ ነበር። ወሬው የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ተራራና ሸለቆ ሲያቋርጥ፣ የኋለኛው መልስ ግን በየቀበሌው አልደረሰም። መልሱን ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

መድኃኒቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የክብደት መጨመር ሊያስከትል ይችላል። ቴኖፎቪር በጥቂቶች ኩላሊት ላይ ጫና ያሳድራል። እነዚህን ለጤና ባለሙያው መንገር እንጂ በራስ ውሳኔ ማቆም መፍትሔ አይሆንም፤ ባለሙያው ሊያስተካክል ወይም ሊለውጥ ይችላልና።

4. ማቆም ስለሚያስከትለው ጉዳት

እናት መድኃኒቱን ስታቆም የታገደው ቫይረስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ይበዛል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ወይም ለመወለድ በተቃረበበት ጊዜ ነው። እየጀመሩ ማቋረጥም ቫይረሱን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል፤ ኋላ መድኃኒቱ ቢወሰድ እንኳ ላይሠራ ይችላል።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚገነቡበት መሠረት የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ ነው። አብዛኞቹ እናቶች ደግሞ ማርገዛቸውን የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «አርግዣለሁና ላቁመው» የምትል እናት፣ የፈራችው ጊዜ ካለፈ በኋላ ጋሻዋን ትጥላለች። ስለዚህ የአፈጣጠር ችግር በእውነት የምታስብ ሴት ከመፅነሷ በፊት ጀምሮ የፎሊክ አሲድ እንክብል እንድትወስድ ብትመከር ይጠቅማታል።

5. ጸበልና መድኃኒት

ሰሜን ሸዋ በጸበል የታወቀ ምድር ነው። ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ቅዱስ ዮሐንስ ከመላው አገሪቱ ሕሙማን ይመጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል ነፍሰ ጡሮች አሉ። በጸበል ስፍራ መድኃኒትን መተው የእምነት ምልክት ተደርጎ የተቆጠረበት ጊዜ ነበር፤ በዚህም ብዙዎች ተጎድተዋል። ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ አስረድተው ምእመናን ሁለቱንም እንዲጠቀሙ መክረዋል።

ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ እናገኛለን። ጸሎቱ ተሰምቶ ዐሥራ አምስት ዓመት ከተጨመረለት በኋላ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱ መሰማቱ ሕክምናውን አላስቀረውም፤ ሕክምናውም ጸሎቱን አላቃለለውም። ወንጌላዊው ሉቃስም በቆላስይስ መልእክት 4፥14 ባለ መድኃኒት ተብሎ ይጠራል።

ስለዚህ በጸበል ስፍራ የሚያገለግሉ አባቶች ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ ብዙ ሕፃናት ይድናሉ። አንደኛ፣ በስብከት መካከል «መድኃኒት ያላችሁ መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ ተጠመቁ» ብለው ለሁሉም በአንድነት ይናገሩ። ማንንም ለይቶ መጠየቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ለሱባዔ የሚሄዱ ምእመናን ከቤታቸው ሲነሡ ለሚቆዩበት ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት፣ ከዚያም የሚተርፍ ጥቂት ይዘው እንዲወጡ ያሳስቡ። ከአንኮበር ቆላማ ቀበሌዎች ለሚነሣ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው፤ መንገድ ሊዘጋ፣ ጸጥታም ሊደፈርስ ይችላል። ሦስተኛ፣ «ድኛለሁ» የምትል እናት ብትኖር ምስጋናዋን ሳይነቅፉ፣ በጤና ተቋም ሳትመረመር መድኃኒቷን እንዳትተው ይምከሯት።

6. ጾም፣ ቁርባንና የመድኃኒት ሰዓት

በየጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች የደም ማነስን የሚከላከል የአይረን እንክብል ይሰጣል። ይህን ከዶሉተግራቪር ጋር በባዶ ሆድ በአንድ ጊዜ መዋጥ የፀረ ቫይረሱን ኃይል ይቀንሰዋል። የካልሲየም እንክብልና ለጨጓራ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱን ከምግብ ጋር በአንድነት መውሰድ ይቻላል። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ፀረ ቫይረሱ አይረኑ ከመወሰዱ ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ ከ6 ሰዓት በኋላ መሆን አለበት። የምትጾም እናት ይህን ሳታውቅ ሁለቱንም በባዶ ሆዷ ብትውጥ፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እንዳቋረጠች ያህል ልትጎዳ ትችላለች።

ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስና ለሕመምተኛ ጾሙን እንደ ዐቅሟ ማቅለል የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። አንዳንድ እናቶች ግን ለመጠየቅ ያፍራሉና፣ አባት አስቀድሞ «ልጄ፣ ለሁለት ነፍስ ነው የምትበዪው» ቢላት ሸክሟን ያቀልላታል።

ለቁርባን የምትዘጋጅ እናትም ዐሥራ ስምንት ሰዓት ስትጾም መድኃኒቷን ልትዘልል እንደሚገባት ታስብ ይሆናል። ሰዓቱ ይመረጣል እንጂ ቀኑ አይዘለልም። ለምሳሌ መድኃኒቷን ዘወትር በቀትር የምትወስድ እናት ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ወስዳ፣ እሑድ ጠዋት ቆርባ፣ በስድስት ሰዓት ደግሞ የዕለቱን መውሰድ ትችላለች። ቅዳሴው በሚዘገይባቸው የጾም ቀናት ምን ማድረግ እንደሚሻል ከንስሐ አባቷና ከጤና ባለሙያዋ ጋር ትመካከር። አንድ ቀን ብትረሳ ባስታወሰች ጊዜ ትውሰድ፤ በማግስቱ ግን እጥፍ አድርጋ አትውሰድ።

7. ክርስትናና የሕፃኑ ምርመራ

ቫይረሱ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ባለሙያ በሚያዝዘው መጠንና ጊዜ የመከላከያ ሽሮፕ ይወስዳል። በስድስተኛው ሳምንት የደም ምርመራ ይደረግለታል፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ደግሞ በ18 ወሩ፣ ጡት መጥባቱን ካቆመ በኋላ ይሆናል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይሰጠዋል፤ ውኃም፣ ቅቤም፣ የላም ወተትም አይጨመርበትም።

ስድስት ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እናቶቻችን «የ45 ቀን ክትባት» የሚሉትም በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ካህኑ እናትና ልጅን የሚያገኝበት ቀን ከምርመራው ቀን ጋር ይጎራበታል። ካህኑ የማንንም ምሥጢር ሳይጠይቅ ክርስትና ለሚያነሡ እናቶች ሁሉ «ልጅሽን ለ45 ቀን ክትባትና ምርመራ ወስደሻል?» ቢል፣ አንድ ቃል ብዙ ሕፃናትን ወደ ጤና ጣቢያ ይመልሳል። ጥያቄው ለሁሉም የሚቀርብ ስለ ሆነ የምታፍር እናት አትኖርም።

8. ምሥጢር መጠበቅና የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በኑዛዜ የተሰማ ሁሉ በምሥጢር ይጠበቃል፤ ስለ ቫይረሱ የተነገረም ከዚህ አይለይም። ለባሏም፣ ለሰበካ ጉባኤውም፣ ለጤና ባለሙያውም ቢሆን ያለ እርሷ ፈቃድ አይነገርም። ለባሏ መንገር እንዳለባት ካህኑ ቢመክራት መልካም ነው። ነገር ግን ጥቃት የምትፈራ ከሆነ በመጀመሪያ ደኅንነቷ ይታሰብ።

በጋብቻ ጊዜ የተደረገ ምርመራም ለሁልጊዜ እንደማይበቃ ለምእመናን ማስረዳት ያስፈልጋል። በእርግዝናና በማጥባት ወራት አዲስ የተያዘች እናት በደሟ ያለው ቫይረስ እጅግ ይበዛልና፣ ሕፃኑ ለከፍተኛ አደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ ባልና ሚስት በአንድነት እንዲመረመሩ እንምከር።

የሰበካ ጉባኤውም ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራው የሚችለው አለ። ለድኩማን ከሚሰጠው መርጃ ላይ ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ለሚሄዱ ነፍሰ ጡሮች በሙሉ የትራንስፖርት ማገዣ መመደብ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በጽዋ ማኅበራት ይህን ትምህርት ማቅረብ፣ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር በየሦስት ወሩ መገናኘት ይቻላል። ድጋፉ ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ ሲሆን፣ ማን ለምን እንደ ሄደች የሚጠይቅ አይኖርም።

ማጠቃለያ

ነፍሰ ጡር እናት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን መውሰዷ ልጇን አይጎዳውምን? የሚለው ጥያቄ ሲቀርብልን የምንመልሰው ይህን ነው፤ መድኃኒቱ በብዙ ሺሕ እናቶችና ሕፃናት ላይ ለብዙ ዓመታት ክትትል ተደርጎበታል፤ ለሕፃኑ የሚያስፈራው መድኃኒቱን መውሰድ ሳይሆን ማቋረጥ ነው። የሚያስጨንቅ ስሜት ሲኖር መሄጃው ጤና ጣቢያ ነው። ጸሎቱና ጸበሉም ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ይህን ቃል እናቲቱ ከነጭ ገዋን ለባሹ ብትሰማው መልካም ነው፤ መስቀል ከጨበጠው አባቷም ብትሰማው ልቧ ያርፋል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ስለ መድኃኒቱ የሚነገሩ ወሬዎች ምን ምን ናቸው? ከዚህ ትምህርት በመነሣት እያንዳንዱን እንዴት እንመልሳለን?

2. ለጸበል ከአጥቢያችን የሚወጡ ምእመናን መድኃኒታቸውን ይዘው እንዲሄዱ በየትኛው ጊዜና በማን አማካይነት እናሳስባለን?

3. ክርስትና በሚነሣበት ቀን ለእናቶች ሁሉ የሚነገረውን አጭር ምክር በጉባኤያችን ቃል በቃል እንወስን።

4. አንዲት ነፍሰ ጡር «መድኃኒቴን ትቼ በሱባዔ እቆያለሁ» ብትል፣ እምነቷን ሳንነካ ምን ብለን እንመልስላታለን? ሁለት ካህናት እንደ እናትና እንደ አባት ሆነው በጉባኤው ፊት ይለማመዱት።